ከእሳት ያወጣው እጅ

አንባቢ ሆይ፤ በመንገድ ስትሄድ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ከፊትህ ቢወድቅ ምን ታደርጋለህ? ብዙዎች የአፉ አረፋ እንዳይነካቸው ይሸሻሉ፤ ሌሎችም ክብሪት ጭረው ጢሱን ያሸትቱታል። በሽታው ግን ከአንጎል ሥራ መታወክ የሚመጣ ነው እንጂ በአረፋ አይተላለፍም፤ ክብሪትም አይፈውሰውም።

በማርቆስ ወንጌል በ9ኛው ምዕራፍ ልጁን ወደ ጌታ ያመጣውን አባት አስብ። ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ብዙ ጊዜ በእሳትና በውኃ ይወድቅ ነበር፥ ሆኖም በሕይወት ነበረ። እንግዲህ በየጊዜው ያወጣው ማን ነው? አባቱ ወይም እናቱ አይደሉምን? እጃቸው አልተቃጠለም ለማለት አልደፍርም። (ስለ በሽታው ምክንያት የሚከራከሩ በኋላ ይከራከሩ፤ በእሳት የወደቀ ልጅ አይጠብቅም።)

ከአንተ የሚፈለገው ከዚህ ያነሰ ነው። እሳትና ድንጋይ ከአጠገቡ አርቅ፤ ነጠላህን ከራሱ በታች አድርግ፤ በግድ አትያዘው፥ በአፉም ምንም አታግባ፤ መንቀጥቀጡ ሲያቆም በጎኑ አስተኛው። ከ5 ደቂቃ ቢያልፍ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

መፍራት ኃጢአት ነው አልልም፤ ነገር ግን ፈርቶ መቆምና ፈርቶ መሸሽ አንድ አይደሉም። ሽንቱም አምልጦት ይሆናልና ሳይነቃ ልብሱን ሸፍንለት፤ የተሰበሰበውን ሰው በትሕትና አሰናብት፤ ሲነቃም የት እንዳለ ቀስ ብለህ ንገረው፥ ስሙንም ጠይቀው።