ፍልሰት ወይስ ሽያጭ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ነሐሴ 1 ሲገባ ብዙዎቻችን ሱባኤ እንይዛለን። ከቤቱ ሁካታ መራቅ የፈለገ ምእመን በቤተ ክርስቲያን ግቢ ባለ የመቃብር ቤት ምንጣፉን አንጥፎ፣ በሶውን በጥብጦ፣ ሌሊት ሰዓታቱን፣ ቀን ቅዳሴውን እየሰማ ይሰነብታል። ከበላዩ ቆርቆሮ፣ ከበታቹ ደግሞ ስማቸውን የማያውቃቸው አባቶችና እናቶች አሉ። ውዳሴ ማርያሙን የሚደግመው በእነርሱ ቤት እንግዳ ሆኖ ነው። እስቲ ዛሬ ስለ እነዚህ ባለቤቶች እንነጋገር። የሙታን ማረፊያ የሆነ መሬት ይሸጣል ወይ? የሚያሻሽጠውስ ሰው በእግዚአብሔር ፊት ምን መልስ አለው?

«ዲያቆን፣ ድለላ ኃጢአት ነው እንዴ?» ብለው የሚጠይቁ ወንድሞች አሉ። አይደለም። የሰፈር ደላላ ሰፈሩን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ያውቀዋል። የትኛው ቤት ካርታ እንዳለው፣ የትኛው በሊዝ እንደተያዘ፣ የትኛው ጨረቃ ቤት እንደሆነ፣ የትኛው ደግሞ ወራሾች የሚካሰሱበት እንደሆነ ያውቃል። ገዢና ሻጭ አገናኝቶ፣ ዋጋ አስማምቶ፣ ቀብድ አስይዞ ኮሚሽኑን ይቀበላል። ይህ የእግሩና የአፉ ዋጋ ነው። በእውነት ከሠራበት ልጆቹን ያሳድግበታል፣ ዐሥራቱንም ያወጣበታል።

እንዲያውም በመጽሐፍ ቅዱስ በሰፊው የተጻፈው የመጀመሪያው የመሬት ግዢ የመቃብር ግዢ ነው፤ አገናኞችም ነበሩበት። ሣራ በ127 ዓመቷ በኬብሮን ባረፈች ጊዜ አባታችን አብርሃም በኬጢ ልጆች ፊት ሰግዶ፣ ከኤፍሮን ጋር እንዲያነጋግሩለት ለመናቸው። ኤፍሮን በነጻ ልስጥህ ቢለው አልተቀበለም። 400 ሰቅል ብር በከተማይቱ በር፣ ሕዝብ ሁሉ እየሰማ መዝኖ ከፈለ። እርሻው፣ ዋሻው፣ በዙሪያው ያለው ዛፍ ሳይቀር ከነድንበሩ ጸና (ዘፍ. 23)። በኋላም ራሱ አብርሃም፣ ይስሐቅና ርብቃ፣ ያዕቆብና ልያ በዚያው ተቀበሩ። አያችሁ? ያ ግዢ ንጹሕ የሆነው የተደበቀ ነገር ስላልነበረበት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። በአገራችን በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታ የመንግሥት ሆኗል፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም ይላል። እንግዲህ ሰው የሚሸጠው ቤቱን እንጂ አፈሩን አይደለም። ሕያው የሆነ ሰው እንኳ የማይሸጠውን አፈር፣ የሞተው የተኛበትን ማን ይሸጠዋል?

እስቲ እንዲህ ብለን እናስብ። ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውጪ የቀረ አሮጌ መቃብር አለ እንበል። መስቀሉ ወድቋል፣ በድንጋዩ ላይ የነበረው ስም ታጥቦ ጠፍቷል። ዘመዶቻቸው ግማሹ ኮንዶሚኒየም ወጥቷል፤ ግማሹም በአዲስ አበባ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት ከሰፈሩ ተነሥቶ ሌላ ዳር ሄዷል። እድሩም ተበትኗል። ጎረቤት የሆነ ሰው አጥሩን በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ሲገፋ ቆይቶ አሁን ቤቱን ሊሸጥ ነው። ሻጩ አይናገርም፣ ገዢው አይጠይቅም። ደላላው ግን ያውቃል። ልጅ ሆኖ በዚያ ቦታ ለቅሶ ቆሟል፤ ማን የት እንደተቀበረ ያስታውሳል። «እኔ ምን አገባኝ? የእኔ ሥራ ማገናኘት ነው» ይል ይሆን?

ወንድሜ፣ ያገባሃል እንጂ! በማንኛውም ውል ሻጭ ለራሱ ይናገራል፣ ገዢም ለራሱ ይናገራል። በዚህኛው ውል ግን ሦስተኛ ወገን አለ፤ እርሱም አፍ የለውም። እውነቱን የሚያውቀው አንተ ብቻ ከሆንክ የዚያ አፍ የሌለው ሰው አፍ አንተ ነህ። ዝም ብለህ የተቀበልከው ኮሚሽን የማገናኘት ዋጋ መሆኑ ቀርቶ የዝምታ ዋጋ ይሆናል። ኦሪት የባልንጀራን ድንበር የሚገፋውን ትረግማለች (ዘዳ. 27፥17)። ታዲያ ተነሥቶ ሊከራከር የማይችለው ባልንጀራ ድንበሩ ሲገፋ እርግማኑ ይቀላል ብለን እናስባለን?

እዚህ ላይ የሚከራከር ሰው አይጠፋም። «ቦታ ለሕያው ጠቧል፤ ልጅ ይዞ የሚንከራተት እያለ ለአፅም እንሟገታለን? ደግሞስ ቤተ ክርስቲያን ራሷ አፅም ታፈልስ የለም ወይ?» ይላል። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ በቁጣ ልናልፈው አይገባም።

እውነት ነው፤ የዚህ ጾም ስሙ ራሱ ፍልሰታ ነው፣ መፍለስ ማለት ነው። የእመቤታችን ሥጋ ከገነት ወደ ጌቴሴማኒ፣ ከጌቴሴማኒም በትንሣኤ ወደ ሰማይ መፍለሱን እናከብራለን። ሙሴ ከግብፅ ሲወጣ የዮሴፍን አፅም ይዞ ወጥቷል (ዘፀ. 13፥19)። የአባታችን የተክለ ሃይማኖትንም ፍልሰተ አፅም በየዓመቱ ግንቦት 12 እናከብራለን። ስለዚህ አፅም ከቦታው መነሣቱ በራሱ ነውር አይደለም። መንገድ ሲወጣ፣ የመቃብር ቦታ ሲሞላ፣ ማንሣት ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ልዩነቱ ታዲያ ምንድን ነው? ፍልሰት በግልጽ ይሆናል። ዘመድ ይጠራል፣ ካህን ይጸልያል፣ ስም ይጻፋል፣ አፅሙም የሚያርፍበት ቦታ አስቀድሞ ይዘጋጃል። የዮሴፍ አፅም እስኪያርፍ ድረስ ሕዝቡ በምድረ በዳ 40 ዓመት ተሸክሞታል፤ የትም አልጣለውም። ሽያጭ ግን በድብቅ ይሆናል። ስም ይጠፋል፣ አፅሙ ከአፈር ጋር በገልባጭ መኪና ይጫናል፣ ዘመድ ለዝክር ሲመጣ ግንብ ያገኛል። አንደኛው ሙቱን ከቦታ ወደ ቦታ ያሸጋግረዋል፤ ሁለተኛው ግን እንዳልነበረ ያደርገዋል። ሕያውን ለማስጠለል ሙቱን በክብር ማፍለስ ይቻላል። ሙቱን መካድ ግን ለሕያው ቤት አይሆንም፤ ነገ እኛም እንደምንካድ ለልጆቻችን ማስተማር ነው።

ይህ ፈተና ለደላላ ብቻ የመጣ አይደለም። ሰበካ ጉባኤውም በአጥሩ ዙሪያ የሚከራይ ሱቅ ሲያሠራ መሠረቱ የሚቆፈረው የት እንደሆነ መጠየቅ ይገባዋል። ገቢው ለቤተ ክርስቲያን ነው ማለት ብቻውን ቁፋሮውን አይቀድሰውም።

ሌላም የመቃብር ግዢ አለ። ይሁዳ ጌታውን በ30 ብር አሻሻጠ። ብሩን መልሶ በመቅደስ ሲጥለው ካህናቱ የሸክላ ሠሪውን መሬት ገዙበት፤ የእንግዶች መቃብርም ሆነ (ማቴ. 27፥3-10)። አስተውሉ፤ የአብርሃም 400 ብርም፣ የይሁዳ 30 ብርም መቃብር ገዝተዋል። የመጀመሪያው በአደባባይ ስለተመዘነ ለትውልድ ማረፊያ ሆነ፤ ሁለተኛው በስውር ስለተቆጠረ የተቀባዩን አንገት አሳነቀ። የጌታችን ቸርነት ግን ድንቅ ነው፤ እርሱ የተሸጠበት ገንዘብ እንኳ ቦታ ለሌለው እንግዳ ማረፊያ ሆነለት። በሞቱ ለእንግዳ መቃብር ያሰጠ አምላክ፣ እንግዳ ከመቃብሩ ሲባረር እያየ ዝም ይላል?

ማንም ደግሞ «እኔን አይመለከተኝም» አይበል። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አገር የገዙ ንጉሠ ነገሥት ነበሩ። በ1967 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ግን አፅማቸው እስከ 1984 ዓ.ም. በቤተ መንግሥት ግቢ ተደብቆ ቆየ፤ በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያረፈው በ1993 ዓ.ም. ነው። ንጉሥ ይህ ከደረሰበት፣ ድንጋይ ብቻ የተተከለላት የሰፈራችን እናትማ ማን አላት? እኛው ነን ያለናት።

ስለዚህ በዚህ ሱባኤ ጸሎት ብቻ ሳይሆን ሥራም ይኑረን። የወላጆቻችሁ መቃብር የት እንዳለ ለልጆቻችሁ አሳዩ፤ ስማቸውንም ጽፋችሁ አስቀምጡ። የእድር ዳኞች ከሰበካ ጉባኤው ጋር ሆናችሁ የመቃብሩን ወሰን በይዞታ ማረጋገጫው ላይ መኖሩን አረጋግጡ፤ ሰነድ ከሌለው ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ቃላቸው ይጻፍ። ቤት የምትገዙም «ይህ ቦታ ድሮ ምን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። አንተም ደላላ ወንድሜ፣ ቀብድ ከመያዙ በፊት የምታውቀውን ተናገር። ኮሚሽኑ ሊቀርብህ ይችላል። ግን ቀን ሲደርስ አንተም የምትገባበት አፈር ነው።

ይህን ጽሑፍ ስታነብ ቀድሞ የተቀበልከው ነገር ትዝ ካለህ ተስፋ አትቁረጥ። የእመቤታችንን ሥጋ የተሸከመውን አልጋ ሊነጥቅ የዘረጋው የታውፋንያ እጅ ተቆርጦ ነበር፤ ሲጸጸት ግን በአማላጅነቷ እጁ ተመልሶለታል። ንስሐ አባትህ ጋ ሂድ፣ የምታውቀውንም ለሰበካ ጉባኤው ንገር። ዝም ያለ አፍ ሲናገር የተቆረጠው እጅ ይቀጠላል።

የእመቤታችን ረድኤትና በረከት አይለየን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።