አደራ ነው ወይስ ዱቤ?

ባለፈው ነሐሴ ሁለት እህቶቻችን በ8 ኪሎ በርበሬ ተኳረፉ። አንደኛዋ በርበሬ፣ ሽሮና ቡና ከአገር ቤት የምታስመጣ ናት። ብዙ አይደለም፤ ሰው ሲመጣ በሻንጣ፣ አንዳንዴ በካርጎ ነው። ሁለተኛዋ እዚህ ባያን ሰው ቤት እየሠራች፣ በእረፍት ቀኗ ለሚያውቋት የሐበሻ ልጆች ኪሎም ግማሽ ኪሎም እያደረገች የምታዳርስ ናት። አስመጪዋ ኪሎውን በ4 ዲናር ሒሳብ 12 ኪሎ ሰጠቻት። ልጅቷ 4 ኪሎ ሸጠች፣ የሸጠችውንም ከፈለች። የቀረው 8 ኪሎ ሻገተ። የዚያን 32 ዲናር ማን ይክፈል?

32 ዲናር ምን አላት የሚል ይኖር ይሆናል። የዚህ አገር ሕግ ለቤት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ብሎ ያስቀመጠው 60 ዲናር ነው። ከዚያ ጋር ሲተያይ 32 ዲናር የግማሽ ወር ጉልበት ነው። ለአስመጪዋም ቢሆን ቀላል አይደለም፤ በርበሬውን የገዛችው ተበድራ ነው።

እንዲያስታርቁ ሦስት ሰዎች ተመረጥን። እኔ የተመረጥኩት በዕድሜ አይደለም፣ ከሁሉም ታናሽ ነኝ። የእቁባችን ጸሐፊ ስለሆንኩ፣ ደብተር መያዝ ታውቃለች ተብዬ ነው። ሁለቱም ሲናገሩ ቁጭ ብዬ ሰማሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰማሁት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለኝ ነው ይሄን የምጽፈው።

አስመጪዋ እንዲህ አለች፦ «በአደራ ነው የሰጠኋት። አደራ ደግሞ አይበላም።» ልጅቷ መለሰች፦ «እትዬ፣ አደራ ከሆነማ ዕቃው የእርስዎ ነው። የሻገተው የእርስዎ ዕቃ ነው፤ እኔ ምን አጠፋሁ?» አያችሁ፣ ሁለቱም አንድ ቃል ይዘው ነው የሚጣሉት። ነገሩን ወደ ኋላ ስንጠይቅ ደግሞ ሌላ ነገር ወጣ። ልጅቷ 4 ኪሎውን የሸጠችው ኪሎውን በ5 ዲናር ተኩል ነበር። አስመጪዋ ይሄን ሰምታ ያኔ «ትርፉን እንካፈል እንጂ» ብላት ነበር። ልጅቷም «በዱቤ ነው የወሰድኩት፣ ትርፉ የኔ ነው» ብላ መልሳላታለች።

ስለዚህ ትርፍ ሲመጣ ልጅቷ ዱቤ አለች፣ ኪሳራ ሲመጣ አደራ አለች። አስመጪዋም ትርፍ ሲመጣ ዕቃው የኔ ነው አለች፣ ኪሳራ ሲመጣ ደግሞ ዕቃው ያንቺ ነው፣ ክፈይ አለች። ሁለቱም ክፉ ሰዎች አይደሉም። ሁለቱም ሲምሉ ከልባቸው ነው። እኔን ያስጨነቀኝም ይሄው ነው። ሰው ሳይዋሽ እንዴት ቃሉን ይለውጣል?

አደራና ዱቤ ሁለት ነገሮች ናቸው። አደራ ማለት ዕቃው የሰጪው እንደሆነ ይኖራል፤ ተቀባይዋ እንደራሷ አድርጋ ትጠብቃለች፣ በተጠየቀች ጊዜ ትመልሳለች። አጥፍታ ካልሆነ በቀር ቢበላሽ ዕዳ የለባትም፤ ቢያተርፍም ትርፉ የሷ አይደለም። ዱቤ ግን ግዢ ነው። ክፍያው ዘገየ እንጂ ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ከተላለፈ ጀምሮ የተቀባይዋ ነው። ትርፉም የሷ፣ ኪሳራውም የሷ። እኛ የምንሠራው ግን ሁለቱንም አይደለም። «ውሰጂና ሽጠሽ ስትጨርሺ ክፈይኝ» ነው የምንባባለው። ይሄ ሦስተኛ ነገር ነው፣ ስምም የለው። ስም ስለሌለው አንድ ቀን በአደራ ስም፣ አንድ ቀን በዱቤ ስም እንጠራዋለን። እኔ እንደገባኝ ጸቡ የተጠነሰሰው በርበሬው በሻገተ ቀን ሳይሆን ስም ሳይሰጠው በተላለፈ ቀን ነው።

ይሄ የበርበሬ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ቨርጂኒያ የወይን ጠጅ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። እኛ ያለንበት አገር ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መጠጥ ማስገባት በሕግ የተከለከለበት ነው፣ ስለዚህ ስለ ወይን ጠጅ የማውቀው እሱ በስልክ ከሚያጫውተኝ ነው። እዚያ መጠጥ ተከልክሎ ቆይቶ በ1933 ሲፈቀድ፣ ብዙዎቹ ክፍለ ግዛቶች አስመጪው ለአከፋፋይ፣ አከፋፋዩ ለሱቅና ለምግብ ቤት እንዲሸጥ ሕግ አወጡ። ትልቁ አከፋፋይ መጋዘኑ ውስጥ ብዙ ሺህ ዓይነት ጠርሙስ አለው። ከሁለት ሦስት ገበሬ የተገዛ ወይን ይዞ የመጣ ትንሽ አስመጪ እዚያ ከገባ ማንም አያስታውሰውም። ስለዚህ ትንሹ አስመጪ እንደሱ ያለ ትንሽ አከፋፋይ ይፈልጋል። እሱም ከሱቅ ሱቅ እየዞረ ያስቀምሳል፣ ማን እንደተከለው፣ እንዴት እንደተጠመቀ ያስረዳል። ባለሱቁ ጠርሙሱን አያውቀውም፤ የሚያውቀው ሰውየውን ነው፤ እሱን አምኖ ይገዛል።

ሲነግረኝ ሳቅሁ። የኛዋ ልጅ የምትሠራው ይሄንኑ አይደል? በርበሬው ከማረቆ ይሁን ከሌላ ቦታ የምትገዛት ልጅ በምን ታውቃለች? ዛላው በደንብ ተቀንጥሶ፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ተደልዞ፣ ፀሐይ ላይ በደንብ ደርቆ፣ ኮረሪማው ገብቶ መፈጨቱን ያየ የለም። ከሰልዋና ከምሽረፍ የሚገዟት ልጆች የሚገዙት ፊቷን አምነው ነው። በርበሬው ሸክላ ተፈጭቶበት ቢገኝ የሚረገመው የማያውቁት ነጋዴ አይደለም፣ እሷ ናት። አስመጪዋ ገንዘቧን ታስይዛለች፣ አከፋፋይዋ ደግሞ ስሟን።

የአክስቴ ልጅ አንድ ነገር ጨመረልኝ። እዚያ አገር በ1935 የወጣ የፌዴራል ሕግ መጠጥን «ሽጠህ ክፈለኝ፣ ካልተሸጠ መልስልኝ» ብሎ መስጠትን ይከለክላል። አከፋፋዩ ከገዛ ገዛ ነው። ተበላሽቶ የመጣ ወይም በስህተት የተላከ ከሆነ ይመለሳል፤ ገበያ ስላጣ ብቻ ግን አይመለስም። መጀመሪያ ጭካኔ መሰለኝ። «ካልተሸጠ መልሺልኝ» ማለት ደግነት አይደለም እንዴ? በኋላ ግን አሰብኩት። ዕቃው የኔ ሆኖ ባንቺ እጅ እስካለ ድረስ አንቺም በኔ እጅ ነሽ። የሌላ ሰው ዕቃ አትያዢ፣ በዚህ ዋጋ ሽጪ፣ ይሄንንም ጨምረሽ ውሰጂ ማለት እችላለሁ። ደግነቱ ቀስ እያለ ገመድ ይሆናል።

ይሄ ገመድ እዚህ አገርም የታወቀ ነው። የምሠራበት ቤት ያሉት ሽማግሌ ባባ አንዳንድ ማታ ሻይ ሳቀርብላቸው ስለ ድሮው ያወሩኛል። ነዳጅ ሳይገኝ በፊት ኩዌት የምትኖረው በዕንቁና በጀልባ ንግድ ነበር። ነጋዴው ለጀልባው አዛዥ፣ ለናኹዳው፣ ገንዘብ ያበድራል። ናኹዳው ደግሞ ለጠላቂዎቹ ቤተሰባቸው የሚበላውን ቅድሚያ ይሰጣል። ጠላቂው በጋውን ሙሉ እየጠለቀ ዕንቁ ያወጣል፣ በመጨረሻ ይተሳሰባሉ። ባሕሩ ከሰጠ ዕዳው ተከፍሎ ይተርፋል። ካልሰጠ ዕዳው ለከርሞ ይተላለፋል፤ ጠላቂውም ዕዳውን ሳይከፍል ወደ ሌላ ጀልባ መሄድ አይችልም። አባት ሲሞት ዕዳው ወደ ልጅ የሚወርድበት ጊዜም ነበር። ከዚያ ጃፓኖች ዕንቁ ማራባት ጀመሩና በ1930ዎቹ ገበያው ወደቀ። በ1938 ነዳጅ ተገኘ፣ በ1946 ወደ ውጭ መላክ ተጀመረ፣ የጠላቂነት ዘመንም አለፈ። ባሕሩ ዕንቁ አለመስጠቱ የጠላቂው ጥፋት አልነበረም። ኪሳራው ግን እሱ ጫንቃ ላይ ነበር የሚያርፈው።

ታዲያ «ሽጠሽ ክፈይኝ» ይቅር እንበል? እኔ አልልም። ይቅር ብንል መጀመሪያ የምትጎዳው ደሃዋ ናት። 48 ዲናር ከፊት አውጥታ 12 ኪሎ የምትገዛ ስንቷ ናት? አስመጪዋስ እያንዳንዱን ቤት እንዴት ታዳርሳለች? መተማመን የሌለን ገንዘብ ሆኖ ያገለግለናል። በዚያ ላይ አንድ እውነት ልናገር፤ በቤት ሠራተኛ ኢቃማ ያለች ሴት የንግድ ፈቃድ የላትም፣ ከአሠሪዋ ቤት ውጪ ሠርታ ብትገኝ አደጋው የራሷ ነው። ይሄን የምጽፈው ሂዱና ነግዱ ለማለት አይደለም። የሚነግዱት ሲጣሉ ግን ፍርድ ቤት ሄዶ «በርበሬዬን» ማለት እንደሌለ ማወቅ አለብን። አስመጪዋም ልጅቷም ክስ የላቸውም። ያላቸው ቃላቸው ብቻ ነው። ቃል ብቻ ባለበት ቦታ ቃሉ ግልጽ መሆን አለበት።

ወደ ዳኝነቱ ልመለስ። መጀመሪያ የጠየቅነው በርበሬው ሲመጣ ጥፋት ነበረበት ወይ የሚለውን ነው። ድልዙ በደንብ ሳይደርቅ ከተፈጨ በርበሬ ይሻግታል። ግን ከዚያው ጭነት ሩመይሲያ ያለች ሌላ ልጅ ወስዳ ምንም አልሆነባትም። ስለዚህ ጥፋቱ ከምንጩ አይመስልም። ቀጥለን የት አስቀመጥሽው አልናት። ማዳሟ የበርበሬ ሽታ ቤት ውስጥ አትወድም፤ ጣሪያ ላይ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ነበር ያስቀመጠችው። የነሐሴን ወበቅ ታውቁታላችሁ። ታዲያ ጥፋቱ የልጅቷ ነው ልንል ስንል፣ ከሦስታችን ትልቋ አንድ ጥያቄ ጠየቁ፦ «12 ኪሎ ስጪኝ ያልሽው አንቺ ነሽ?»

ልጅቷ ዝም አለች። ከዚያ «እኔ 5 ይበቃኛል ነው ያልኩት» አለች። አስመጪዋም አልካደችም፦ «ያልቅልሻል ብዬ ጨመርኩላት። እሷን ለመጥቀም ነው።» የልጅቷን ማደሪያ ታውቅ እንደሆነ ጠየቅናት፤ ታውቃለች። ቦታ እንደሌላት እያወቀች ነው የጨመረችው።

እኔ እዚያ ላይ ነው ነገሩ የበራልኝ። ዕቃው የማን ነው ከሚለው በፊት ውሳኔው የማን ነበር ብሎ መጠየቅ ይሻላል። 5 ኪሎው ልጅቷ በራሷ አፍ የጠየቀችው ነው። እንደ ዱቤ ነው፣ ቢሻግትም የሷ። 7ቱን ኪሎ የወሰነችው አስመጪዋ ናት፤ የወሰነ ሰው ደግሞ ኪሳራውን ለሌላ ሰው አያሸክምም። ልጅቷም ንጹሕ አይደለችም። በርበሬው መሽተት የጀመረ ዕለት አውቃለች፤ አፍራና ፈርታ ሁለት ሳምንት ዝም ብላለች። ያኔ ብትናገር ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ወይም በቅናሽ ተሸጦ ግማሹ ይተርፍ ነበር። ይሄ ዝምታ ዋጋ አለው።

ስለዚህ እንዲህ አልን። ልጅቷ ከጠየቀችው 5 ኪሎ 4ቱን ሸጣ ከፍላለች፤ የቀረውን 1 ኪሎ 4 ዲናር ትክፈል። በግድ የተጨመረላት 7 ኪሎ 28 ዲናር ነው፤ እሱን እኩል ይካፈሉት፣ 14 ለአንቺ 14 ለእትዬ። ልጅቷ በጠቅላላው 18 ዲናር በሁለት ወር ትከፍላለች። አስመጪዋ መጀመሪያ ተቆጣች። «እኔ ብድሬን በምን ልክፈል?» አለች። ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል፣ መልስም አልነበረን። በመጨረሻ ሁለቱም እሺ አሉ። ልክ ፈርደን እንደሆነ አሁንም አስባለሁ። ዝምታውን በ14 ዲናር መመዘን ይቻላል? አላውቅም። ግን አንዷ ሙሉውን ብትሸከም ልክ እንዳልነበረ እርግጠኛ ነኝ።

አንዳንድ ሰው «በእህትማማች መሀል ወረቀት ምን ያደርጋል? አለመተማመን ነው» ይላል። እኔ ደግሞ እቁባችንን አያለሁ። እቁብ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ደብተር አለው። ስምሽ ሲጻፍ ተናቅሁ ያልሽ አለሽ? ማናችንም አንልም። እንዲያውም ያልተጻፈ ዕለት ነው የምንደነግጠው። ወረቀቱ ያንቺን ታማኝነት አይጠራጠርም። ስንከስር የሁላችንም ልብ እንደሚያዘነብል ስለሚያውቅ፣ ልባችን ቀጥ ብሎ ሳለ ያልነውን ይይዝልናል።

ስለዚህ ዕቃ ስትሰጡም ስትቀበሉም፣ ሁለታችሁም እየሳቃችሁ ሳለ ሦስት ነገር ተባባሉ። ስንት ኪሎ ነው አንቺ ራስሽ የፈለግሽው? ቢበላሽ የማን ነው? ችግር ሲመጣ በስንት ቀን ውስጥ ትነግሪኛለሽ? ሌላው ይደርሳል።

ሁለቱ እህቶች አሁን ሰላም ይባባላሉ። ልጅቷ 18 ዲናሩን ጨርሳለች። አብረው መሥራት ግን ገና አልጀመሩም። ባለፈው ወር ልጅቷ ስልክ ደውላ «ደብተርሽ ላይ ባዶ ገጽ አለ?» አለችኝ። አለ አልኳት።