ኮከቡ በተሰወረ ጊዜ



ሰው ከጥንት ጀምሮ መንገደኛ ነው። አብርሃም የእግዚአብሔርን ጥሪ ሰምቶ ከአገሩ ወጣ፤ እስራኤል አርባ ዓመት በምድረ በዳ ተጓዘ፤ ሰብአ ሰገልም ኮከብ አይተው ከምሥራቅ መጡ። ፈጣሪ መንገደኛውን ያለ ምልክት አልተወውም። ፀሐይና ከዋክብት፣ ነፋስና የወፎች በረራ ለሚያስተውል ሁሉ መንገድ ያመለክታሉ። ነገር ግን ምልክቱ ሲሰወርብን በምን እንጓዛለን? ይህን ጥያቄ ዛሬ አብረን ልናሰላስል እንወዳለን።

በፓሲፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ሳታዋል የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። የዚያች ደሴት ተወላጅ የሆነው ማው ፒያይሉግ የባሕርን መንገድ ጥበብ ገና በሕፃንነቱ ከአያቱ ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1976 ሆኩሌአ በተባለች፣ ሁለት ታንኳዎች ጎን ለጎን ተያይዘው በተሠሩባት ባለ ሸራ ጀልባ ባልንጀሮቹን ከሃዋይ እስከ ታሂቲ መራ። ርቀቱ 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ካርታም ሆነ ኮምፓስ ሳይጠቀም ከአንድ ወር በላይ ተጉዞ ደረሰ።

እንዴት ቻለ? ከዋክብት እያንዳንዳቸው ከአድማስ የሚወጡበትንና የሚጠልቁበትን ስፍራ በቃሉ ያውቅ ነበር። ቀን ቀን ፀሐይን ይመለከት ነበር። ዓሣ ሲያጠምዱ የዋሉ የባሕር ወፎች ሲመሽ ወዴት እንደሚበሩ አይቶ የብስ ያለበትን ወገን ይለይ ነበር። ሰማዩ በደመና ሲሸፈን ደግሞ ከሩቅ የሚመጣው ረጅም ሞገድ ጀልባዋን ከየት ወገን እንደሚያነሣት በሰውነቱ እያስተዋለ አቅጣጫውን ይጠብቅ ነበር። ከሁሉም በላይ የተነሣበትን ስፍራ አይረሳም፤ ምን ያህል እንደሄደና ወዴት እንዳዘነበለ ሌትና ቀን በልቡ ይቆጥራል። መነሻውን የረሳ ያለበትን አያውቅምና።

ወዳጆቻችን ሆይ፣ በእኛም ሰማይ ላይ ደመና የሚወርድበት ጊዜ አለ። ጸሎት ይደርቃል፤ ሐዘን ቤት ይገባል፤ እግዚአብሔር የራቀ ይመስለናል። ያን ጊዜ የሚይዘን ከሩቅ የሚመጣው ሞገድ ነው፤ እርሱም ከሐዋርያት ዘመን ጀምሮ እስከ እኛ የደረሰው የቤተ ክርስቲያን ሕይወት፣ ማለትም የየዕለቱ ጸሎት፣ የእሑድ ቅዳሴ፣ ምሥጢረ ንስሐና ጾም ነው። ደስታው ባይሰማንም ያነሣናል፤ ይወስደናል። መነሻችንም ጥምቀታችን ነው።

ሰብአ ሰገልን እንመልከት (ማቴ. 2፡1-12)። ኮከቡ እስከ ኢየሩሳሌም አመጣቸው፤ ከዚያ ወዲያ ግን መንገዱን መጠየቅ አስፈለጋቸው። ታላላቅ ሊቃውንት ሳሉ ለመጠየቅ አላፈሩም። ከነቢዩ ሚክያስ መጽሐፍ ቤተ ልሔም መሆኑ ተነገራቸው። ፍጥረት እስከ ከተማይቱ በር አደረሰቻቸው፤ ቃለ እግዚአብሔር ደግሞ እስከ ሕፃኑ። ቅዱስ ቶማስ ዘአኵይኖ ጸጋ ተፈጥሮን ሊፈጽም እንጂ ሊሽር እንዳልመጣ ያስተማረው ይህንኑ ነው። እንደ ገና ኮከቡን ባዩ ጊዜ እጅግ ደስ አላቸው። የዚያች ጀልባ ስም ሆኩሌአም ትርጓሜው «የደስታ ኮከብ» ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ግን የሚያስፈራን ሌላ ነገር አለ። የካህናት አለቆችና ጻፎች መንገዱን በትክክል አመለከቱ፤ ወንጌላዊው ግን አንዳቸውም ተነሥተው እንደ ሄዱ አይነግረንም። ለሌላው መንገድ ማሳየት እየቻሉ ራሳቸው ቀሩ። ይህ ቃል ለእኛ ለካህናትና ለመምህራን ነው።

ያልተሄደበት መንገድ በልብ አይጻፍም። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ጥናት የከተማቸውን መንገዶች በቃላቸው ያጠኑ የለንደን ታክሲ ነጂዎችን አንጎል መርምሮ፣ ለመንገድ ትውስታ የሚያገለግለው ክፍል በከፊል ከሌሎች ሰዎች ይልቅ ሰፍቶ አገኘው። ተንቀሳቃሽ ስልክ መንገድ ማሳየቱን አንነቅፍም፤ የሰው አእምሮ ፍሬ ነውና። ነገር ግን ስልክ ኃይሉ ያልቃል፤ በልብ ያለው ግን ከመንገደኛው ጋር ይሄዳል።

ማው በመጨረሻ ያሳሰበው የራሱ ሞት ሳይሆን የጥበቡ ሞት ነበር። የደሴቱ ወጣቶች መማር እየተዉ ሲሄዱ ባየ ጊዜ፣ ጥበቡን ለባዕድ አለመስጠት ልማድ ሆኖ ሳለ ለሃዋይ ሰዎች አስተማረ። ከእነርሱ አንዱ ናይኖአ ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1980 ያንኑ የታሂቲ መንገድ መርቶ ሄዶ ተመለሰ። ማው እ.ኤ.አ. በ2010 ዐረፈ፤ ጥበቡ ግን አልተቀበረም።

የእኛስ ልጆች? ብዙዎቹ ወደ ከተማና ወደ ዐረብ አገሮች ይሄዳሉ፤ አንዳንዶቹም በረሃና ባሕር ያቋርጣሉ። ቁምስናቸው አብሯቸው አይሄድም፤ ካህን የማያገኙበት ሌሊትም ይመጣል። በዚያ ሌሊት የሚደግፋቸው ዛሬ በልባቸው የምናኖረው ነው። ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ጸሎትን በቃል ከማስጠናት አልፋችሁ ከልጆቹ ጋር ጸልዩ። በምሽት ወደ ውጭ አውጥታችሁ ሰማዩን አሳዩአቸው። በግእዝ ሥርዓተ ቅዳሴያችን ዲያቆኑ ወደ ምሥራቅ እንድንመለከት ያዝዘናል፤ ምሥራቅ በየት በኩል እንደሆነ ጠይቋቸው፤ ከዚያም የጽድቅ ፀሐይ ክርስቶስን ስለምንጠብቅ እንደሆነ ንገሯቸው። ወላጆችም ልጅ ከቤት ሲወጣ ስንቅ እንደምትቋጥሩለት ሁሉ ይህንንም ቋጥሩለት።

ቤተ ክርስቲያን የባሕር ኮከብ ብላ የምትጠራት እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም በየመንገዱ ያሉትን ልጆቻችንን ትጠብቅልን፤ መንገድም እውነትም ሕይወትም ወደሆነው ወደ ልጅዋ ሁላችንን ታድርሰን። አሜን።