የመሬት አደራና የስጋት ልክ

መርዝ የነካው መሬት ለሰው ጤናና ለአካባቢ ምን ያህል እንደሚያሰጋ መገምገም የላቦራቶሪ ሥራ ብቻ ተደርጎ ቢታይም፣ ላቦራቶሪ የማይመልሰው የሥነ ምግባር ጥያቄ በውስጡ አለ፤ ይኸውም «ይህን ያህል ጉዳት ይቻላል» ብሎ የመፍረድ ሥልጣን የማን ነው የሚለው ነው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጦርነት ለተፈራረቀባቸው ለወልዲያ፣ ለመርሳና ለሀብሩ ገበሬዎች ጥያቄው የሩቅ አይደለም። ማረሻ የሚገለብጠው የዛገ ብረት ቢያንስ በዓይን ይታያል፤ ከጥይት የሚቀር እርሳስና ከፈንጂ የሚተርፍ ኬሚካል ግን አፈር መስሎ ይቀመጣል።

የዘርፉ ሊቃውንት ጠንቅንና ስጋትን ይለያሉ። ጠንቅ አንድ ነገር በራሱ ያለው የመጉዳት ባሕርይ ሲሆን፣ ስጋት ደግሞ ጉዳቱ በእርግጥ የመድረስ ዕድሉና ክብደቱ ነው፤ ስለዚህ ስጋት አለ የሚባለው የመርዙ ምንጭ፣ የሚጓዝበት መንገድና የሚደርስበት ተቀባይ ሲገናኙ ነው። ጥልቅ ተቀብሮ የቀረ እርሳስ መንገድ አጥቷል፤ በሽንኩርት መደብ ላይ ያለው ግን በኩትኳቶ ጊዜ የሚነሣው አቧራ፣ አፈሩ ያልለቀቀው ሽንኩርትና ከአፍ የማይለየው የሕፃን እጅ መንገድ ይሆኑለታል። ልዩነቱ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ከእርሻው ሌላ መተዳደሪያ የሌለውን ሰው ያለ በቂ ምክንያት ከመሬቱ ማራቅም ራሱ ጉዳት ነውና።

ችግሩ ስሌቱ ሲያልቅ ይጀምራል። የዓለም ጤና ድርጅት በሕፃናት ደም ውስጥ ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ይገልጻል፤ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በበኩሉ ለካንሰር ስጋት የሚጠቀምበት ወሰን ከ10,000 ሰው አንድ እስከ ከ1,000,000 ሰው አንድ ይደርሳል። በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው የመቶ እጥፍ ልዩነት ከአፈር ተለክቶ የተገኘ ሳይሆን በሰው ፈቃድ የተቆረጠ ነው፤ ሰው የቆረጠው ደግሞ ተጠያቂ ይፈልጋል።

ለዚህ የአገሩ ሰው «አደራ» የሚል የጠነከረ ቃል አለው። ሙስሊሙ አማና ይለዋል፤ ክርስቲያኑም አዳም ከአፈር ተበጅቶ የኤደንን ገነት እንዲያበጅና እንዲጠብቅ መሾሙን ያስባል። በእስልምና ሕግ የአደራ ዕቃ ያለ ጠባቂው ጥፋት ቢጠፋ ጠባቂው አይከፍልም፤ ቸል ብሎ ከሆነ ግን ይከፍላል። በዚህ ሚዛን የመሬቱን ሁኔታ ሳይመረምሩ መቀመጥ ራሱ ቸልተኝነት ይሆናል፤ ባለአደራም ባለቤቱን ሳይጠይቅ «ጥቂቱ ቢጎድል ምንም አይደል» ቢል አደራ በላ ነው። ከባለቤቶቹ መካከል ገና ያልተወለዱት ሊጠየቁ አይችሉምና ጥንቃቄው ለእነርሱ ሊበረታ ይገባል።

የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲሸፍን ያዛል፤ ጦርነት ባበላሸው ማሳ ላይ ግን «እኔ ነኝ» ብሎ የሚቀርብ በካይ አይገኝም፤ የአደራ ግዴታ ግን በዳዩ እስኪገኝ አይጠብቅም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢን መብት ሲያደርግ፣ አንቀጽ 92 ሕዝቡ በሚመለከተው የአካባቢ ጉዳይ እንዲመክር ይደነግጋል። ምክሩ ለይስሙላ ከሆነ ግምገማው ራሱ ይሳሳታል፤ ልጆች በየትኛው የመስኖ ቦይ እንደሚጫወቱ፣ የትኛው ምንጭ በበጋ እንደሚጠጣ፣ ከብቶች የት እንደሚልሱ የምታውቀው የመርሳ እናት ናትና፣ መርዙ የሚሄድበትን መንገድ ከባለሙያው አስቀድማ የምታሳየው እርሷ ናት።