ለቃሉ የሚጠየቀው ማን ነው?

በ2001 እ.ኤ.አ. የአፍጋኒስታን ጦርነት ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ አንዳንድ የአሜሪካ ወታደሮች በአንድ እጅ የሚያዝ፣ ማይክሮፎንና ድምፅ ማጉያ ያለው መሣሪያ ይዘው መንቀሳቀስ ጀመሩ። ስሙ ፍሬዝሌተር ነው። ለሥራው ገንዘብ ያወጣው የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ተቋም ዳርፓ ነበር። ወታደሩ አንድ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ መሣሪያው የሰማውን በውስጡ ከተከማቹት ዓረፍተ ነገሮች ጋር ያመሳክራል፤ ከዚያ አንድ የፓሽቶ ወይም የዳሪ ተናጋሪ ቀደም ብሎ ሌላ ቦታ ሆኖ የቀዳውን ድምፅ ያሰማል። «ቁም።» «እጅህን አንሳ።» «የቱ ጋ ነው የሚያምህ?» መልስ መስማት ግን አይችልም። ስለዚህ ጥያቄዎቹ የተሰናዱት ተጠያቂው ራሱን እንዲነቀንቅ፣ በእጁ እንዲጠቁም ወይም ቁጥሩን በጣቶቹ እንዲያሳይ ተደርገው ነው። ሰውየው በራሱ ደጃፍ፣ በራሱ ቋንቋ ተጠይቆ፣ አንደበት እያለው በጣቱ ብቻ እንዲመልስ ሆነ።

ስለ እንዲህ ያለ መሣሪያ ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ትርጉሙ ትክክል ነው ወይ?» የሚል ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን ከእርሱ የሚቀድም አለ። ትርጉሙ አንዲት ስሕተት ባይኖርበትስ? ያን ጊዜም ቢሆን አንድ ሰው ሌላውን ሲያናግር መልሱን የመስማት ዕዳ ይገባል ብዬ አምናለሁ። በድሮው የአገራችን ሙግት አንዱ ተሟጋች «በላ ልበልሃ» ብሎ ሲነሳ የሌላው ተራ እንደሚመጣ ያውቅ ነበር፤ የሚናገር ሁሉ መልሶ ይጠየቃል። መልስ የማይቀበል ንግግር፣ ቃላቱ የቱንም ያህል ትሑት ቢሆኑ፣ ከትእዛዝ አያልፍም። የጦር መሣሪያ በታጠቀ ሰው አፍ ሲሆን ደግሞ ትእዛዝነቱ ይበረታል።

በኦሪት ዘፍጥረት የዮሴፍና የወንድሞቹ ታሪክ ይህን ጉዳይ በጥልቀት ያሳያል። ዮሴፍ በግብፅ ባለሥልጣን ሆኖ፣ ለእህል የመጡትን ወንድሞቹን በአስተርጓሚ ያነጋግራል። እነርሱም ቋንቋቸውን የሚያውቅ አልመሰላቸውምና በፊቱ እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ፤ በወንድማቸው ላይ ስለሠሩት በደል ይጸጸታሉ። ዮሴፍ ይህን ሰምቶ ከፊታቸው ዘወር ብሎ ያለቅሳል። ልብ በሉ፤ ኃይለኛውን ሰው ያስለቀሰው ለጠየቀው ጥያቄ የተሰጠው መልስ አይደለም። ሳይጠይቅ የሰማው ነው። አስቀድሞ በተሰናዳ የጥያቄ ዝርዝር ውስጥ ይህ ጸጸት ቦታ አልነበረውም። ኬላ ላይ የቆመ ገበሬም ሊል የሚፈልገው ነገር፣ ልጁ መታመሙ ይሁን ፊት ለፊት ያለው መንገድ ፈንጂ ያለበት መሆኑ፣ ብዙ ጊዜ ከጥያቄው ውጭ ነው።

ይህን የሚያውቁ ሰዎች ገና ከጥንት አስተርጓሚን ከመሣሪያ ለይተው አስቀምጠውታል። የእስልምና ሕግ ሊቃውንት ባዕድ ቋንቋ የሚናገር ሰው ዳኛ ፊት ሲቀርብ አንድ አስተርጓሚ ይበቃል ወይስ ሁለት ያስፈልጋል በሚለው ተከራክረዋል። አቡ ሐኒፋ አንድ ይበቃል ሲሉ፣ ሻፊዒ ሁለት ያስፈልጋሉ ብለዋል፤ ምክንያታቸውም ማስተርጎም እንደ ምስክርነት ነው የሚል ነበር። ኦሪት ዘዳግም ነገር በሁለት ወይም በሦስት ምስክር አፍ ይጽና ካለው ጋር የሚቀራረብ ሐሳብ ነው። ሁለት ያስፈልጋል የሚለው ክርክር የሚቆመው አስተርጓሚው የሰውን ነፍስና ንብረት የሚነካ ቃል ይዞ የሚቆም፣ ሐሰት ቢናገር የሚጠየቅ ሰው ስለሆነ ነው። በኅዳር 1945 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የኑረምበርግ ችሎትም፣ አይቢኤም ያቀረበው የጆሮ ማዳመጫና የሽቦ መሣሪያ ተዘርግቶ ክርክሩ በአራት ቋንቋ ወዲያው ወዲያው ይተረጎም ነበር። በዚያ ችሎት በጣም የማከብረው ግን ሁለት መብራቶችን ነው። ተናጋሪው ሲፈጥን ከአስተርጓሚዎቹ ወገን ቢጫ መብራት ይበራል፤ ትርጉሙ ሲቋረጥ ቀይ። ቀዩ ሲበራ ተናጋሪው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ቆም ይላል። መሣሪያው ድምፁን አሻገረ፤ «ቆይ፣ አልገባኝም» የማለት ሥልጣን ግን በሰው እጅ ቀረ።

ፍሬዝሌተር የወሰደው ያንን ሥልጣን ነው። በፓሽቶ የሚሰማው ድምፅ የእውነተኛ ሰው ድምፅ ነው፤ ያ ሰው ግን ድምፁ የትኛው ቤት በር ላይ፣ በየትኛው ሌሊት፣ ማንን ለማስበርከክ እንደዋለ አያውቅም። «ይህን ቃል ለዚህ ሰው አልናገርም» ሊል አይችልም። ወታደሩም የወጣውን ቃል አያውቀውም። አንዱ ቃሉን ያውቃል፣ ሁኔታውን አያውቅም፤ ሌላው ሁኔታውን ያያል፣ ቃሉን አያውቅም። በመሐላቸው የተነገረው ቃል ባለቤት አጣ።

በዚህ ላይ የሚነሳው ከባዱ ተቃውሞ የአስተርጓሚዎቹ ሕይወት ነው። በኢራቅ ከውጭ ጦር ጋር የሠሩ አስተርጓሚዎች ጎረቤት እንዳያውቃቸው ፊታቸውን ሸፍነው እስከ መሥራት ደርሰው ነበር፤ ብዙዎች ተገድለዋል፣ ቤተሰቦቻቸውም ተሳድደዋል። ሰው ከሚሞት መሣሪያ ቢሰበር አይሻልም ወይ? ይሻላል። ይህን ለመካድ ልብም አፍም የለኝም። ሆኖም አስተርጓሚውን ለአደጋ ያጋለጠው ምን እንደሆነ እንመልከት፦ ሰዎች እርሱን የቃሉ ተካፋይ አድርገው ማየታቸው ነው። መሣሪያው ይህን ሸክም ከአንድ ሰው ትከሻ ሲያወርድ በማን ላይ እንደሚጫን መወሰን አለበት፤ መሬት ላይ ጥሎት መሄድ አይቻልም። ሌሎች ደግሞ ሰው ይዋሻል፣ በጎሳና በቂም ያዳላል ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ለዋሸ አስተርጓሚ ፍርድ ቤት አለ። መሣሪያ ሲሳሳት ውሸት አልተነገረምና የሚከሰስ አይገኝም፤ ሠሪው «ለዚህ አገልግሎት አልሠራሁትም» ይላል፣ ተሸካሚው «መሣሪያው ነው ያለው» ይላል።

የነፍስ አድን ሥራ ከዚህ ይለያል ወይ? በከፊል ይለያል። ደሙ ለሚፈስ ሰው «እዚህ ጋ ያዝ» የሚል አንድ ቃል፣ መልስ ባይሰማም፣ ነፍስ ያተርፋል፤ እዚያ ላይ ፍልስፍና ማብዛት ነውር ነው። ነገር ግን የሄይቲ ልምድ ወሰኑን ያሳየናል። በጥር 2010 እ.ኤ.አ. ፖርቶፕሪንስን ካፈረሰው ርዕደ መሬት በኋላ ሰዎች በ4636 ቁጥር በክሪዮል ቋንቋ የእርዳታ መልእክት ይልኩ ነበር። የሶፍትዌር ሰዎችም ለክሪዮል የማሽን ትርጉም በቀናት ውስጥ አደረሱ፤ የሚመሰገን ሥራ ነው። መልእክቶቹን ተቀብለው ሲተረጉሙ የነበሩት ግን በየአገሩ የተበተኑ ሄይቲያውያን በጎ ፈቃደኞች ነበሩ፤ ትርጉም ብቻም አይደለም የሰጡት። ሰፈሩን ያውቁ ስለነበር፣ በካርታ ላይ ስሙ ያልሰፈረውን ቦታ የት እንደሆነ ለአዳኞች ያመለክቱ ነበር። መልእክቱ ውስጥ ያልተጻፈውን እነርሱ ሞሉት።

«አሁን እኮ በሁለቱም ወገን የሚተረጉሙ አሉ» የሚለው መልስ ይቀራል። አዎ፤ በ2000ዎቹ አጋማሽ ዳርፓ በሌላ ፕሮግራም ኢራቃዊውም በአረብኛ ተናግሮ በእንግሊዝኛ የሚሰማበትን ሥርዓት አሠራ፤ ኤስአርአይ የተባለው የምርምር ተቋም የሠራው ኢራቅኮም አንዱ ነው። ዛሬ ደግሞ በኪስ ስልክ ሳይቀር ይሠራል። ትልቅ እርምጃ ነው፤ ዕዳው ግን አልተከፈለም። መሣሪያው በወታደሩ እጅ ነው፤ መቼ ማይክሮፎኑ እንደሚከፈት የሚወስነው እርሱ ነው፤ የተሰማው ቃል በስክሪኑ ላይ ሲወጣ አንብቦ «እንዲህ አላልኩም» ብሎ መድገም የሚችለውም እርሱ ነው። ሌላው ወገን የተናገረው ወደ ምን እንደተለወጠ አያይም። ወታደሩ በስሕተት ቢሰማ ይደግማል፤ ያኛው በስሕተት ቢሰማ ሊታሰር ወይም ሊተኮስበት ይችላል።

ስሕተቱም ለሁሉም እኩል አይከፋፈልም። መሣሪያ የሚማረው ከተጻፈና ከተቀዳ ነገር ነውና፣ ብዙ መዝገብ የሌላቸው ቋንቋዎች ተናጋሪዎች የበለጠ ይጎዳሉ። እኛም ከዚህ ውጭ አይደለንም። በ2017 እ.ኤ.አ. ለአደጋ ጊዜ የሚውል የቋንቋ ቴክኖሎጂ በአሜሪካ ሲፈተን፣ አደጋ ደረሰበት ተብሎ ለታሰበው አካባቢ የተመረጡት ቋንቋዎች ትግርኛና ኦሮምኛ ነበሩ። ተመራማሪዎቹ በአጭር ጊዜ፣ በጥቂት ጽሑፍ፣ የሚሠራ ነገር እንዲያደርሱ ነበር የሚፈተኑት። ዓላማው በጎ ነው። ነገር ግን በጥቂት ጽሑፍ የተሠራ መሣሪያ ይዞ የመጣ ሰው፣ ፊቱ የቆመውን እናት የሚሰማት በዚያው በጥቂቱ ልክ ነው፤ ይህንንም ማወቅ አለበት።

እንግዲህ መሣሪያውን ማገድ አይደለም የምለው። ቁልፉን የተጫነ ሰው የመሣሪያውን ቃል እንደ ራሱ ቃል እንዲቀበል፣ «መሣሪያው ነው ያለው» የሚል መከላከያ በሕግ እንዳይሰማ ነው። ለማዳን የሚነገር ቃል በመሣሪያ ይነገር፤ ሰውን ለማሰር፣ አካሉን ለመቁረጥ ፈቃድ ለመጠየቅ ወይም የሰጠውን ቃል በምስክርነት ለመያዝ ግን ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው፣ በስልክም ቢሆን፣ መሐል ይግባ። ደግሞ መሣሪያ ከሰው የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ የተባለውን ሁሉ እንደተባለ ሊያስቀምጥ ይችላል። ይህ ቀረጻ ለመሣሪያው ባለቤት ብቻ የሚቀር ከሆነ ግን ለተጠያቂው ተጨማሪ ወጥመድ ነው። የተያዘው ሰው ጉዳይ ዳኛ ፊት ሲደርስ ከእንግሊዝኛው ጽሑፍ ጋር የራሱ ድምፅ በተናገረበት ቋንቋ ይቅረብ፤ ጽሑፉ ከመነበቡ በፊትም ያንን ድምፅ ሰምቶ በመሐላ የሚያስረዳ አስተርጓሚ ይቁም።