ከበዓል ማግስት ባለው ሰኞ

ልጆቼ፣ አዲስ የተመረጣችሁ የወላጅ መምህር ኅብረት (ወመህ) አባላት፣ ከኮሌጅ ወጥታችሁ ገጠር የተመደባችሁ መምህራን፣ በዓል በመጣ ቁጥር «ለልጆቹ ምን እናድርግ?» እያላችሁ የምትሰበሰቡ የአዳማና የአካባቢዋ ሰዎች፣ ለሁላችሁም የምናገረው አንድ ነው። ከወንጂ እስከ መቂ በየገጠሩ ትምህርት ቤት ጠመኔ ይዤ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ብትሰሙኝ ትጠቀማላችሁ፤ ባትሰሙኝም የሽማግሌ ወግ ነው ብላችሁ እለፉት።

የበዓልን ደግነት መለካት የፈለገ ሰው ከበዓሉ ቀጥሎ ባለው ሰኞ ትምህርት ቤት ይሂድ። ስም መጥሪያው ሲከፈት «አቤት» የሚለውን ልጅ ይቁጠር። ልጁ ወንበሩ ላይ ካለ ደግነታችሁ ሠርቷል። ከሌለ ግን የሰጣችሁት ደብተር የት እንደ ወደቀ ማንም አያውቅም።

ለምን ሰኞን እንደ መረጥኩ ልንገራችሁ። በአገራችን ትምህርትና በዓል ተያይዘው ይመጣሉ። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት እንቁጣጣሽ፣ መስቀልና ኢሬቻ ይከታተላሉ። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ነው፤ ታኅሣሥ 29 ገና ነው፤ ጥር 11 ጥምቀት፣ በማግስቱ ቃና ዘገሊላ። ከታኅሣሥ 19 እስከ ጥር 12 ብትቆጥሩ 24 ቀን ይሆናል። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ፈተና ደግሞ ጥር መጨረሻ ላይ ይጠብቃል። በዚያው ሰሞን ጤፉ ይታጨዳል፣ ይወቃል። በመቂና በባቱ በኩል የመስኖው ሽንኩርትና ቲማቲም እጅ ይፈልጋል። ወደ ቁልቢ የሚተመው መኪና አዳማን አልፎ ወደ መተሐራና አዋሽ ሲወርድ፣ መንገድ ዳር ውኃና ሸንኮራ ይዞ የሚሮጥ ልጅ ይበዛል። አባት ለበዓሉ በግ ተበድሮ ገዝቶ ከሆነ ብድሩን በጉልበቱ የሚከፍለው ያው ልጅ ነው። ሦስት ሳምንት የቀረ ልጅ ትምህርቱ ይከብደዋል፤ ሲከብደው ያፍራል፤ ሲያፍር ጭራሹን ይቀራል። ትምህርት ማቋረጥ እንዲህ ቀስ እያለ የሚመጣ ነገር ነው፤ ብዙ ጊዜም መነሻው የበዓል ሰሞን ነው።

ለተማሪ ደግ መሆንን እኔ አልፈጠርኩትም፤ አባቶቻችን የሠሩበት ነው። የቆሎ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ከቤቷ ወጥታ ቁራሽ የምትሰጠው የመንደሩ እናት ነበረች። ልጁ የማን እንደ ሆነ፣ ከየት እንደ መጣ አትጠይቅም፤ ተማሪ መሆኑ ይበቃታል። በአርሲና በባሌ፣ በወሎም፣ ደረሳው ቂርአት ሊቀራ ከአገሩ ሲርቅ አሳድሮ የሚያበላው ያገሬው ሰው ነው። ኦሮሞው ቡሳ ጎኖፋ ይላል፤ ከብቱ ያለቀበትን፣ ክፉ ቀን የገጠመውን ወገን አዋጥቶ መልሶ ያቋቁማል። የኦሮሚያ ክልልም ይህንኑ ስም ለመረዳጃ ተቋሙ ሰጥቶታል። እዚሁ ባቱ፣ በዝዋይ ሐመረ ብርሃን ቅዱስ ገብርኤል ገዳም፣ የሸዋ ሊቀ ጳጳስ የነበሩት አቡነ ጎርጎርዮስ በ1982 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ወላጅ ያጡ ልጆችን አሳድገዋል፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችንም በክረምት እረፍታቸው ሰብስበው አስተምረዋል። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እኔም ገና ጎረምሳ ሳለሁ ከዘመቱት አንዱ ነበርኩ። ዘመቻው በአምስት ቋንቋ ተጀምሮ እስከ አሥራ አምስት ደርሷል። ቀን ሲያርስ የዋለ ገበሬ ማታ በኩራዝ ፊደል ይቆጥር ነበር። እራታችንን የሚያመጣልንም እሱ ነበር።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምታገኙት ትምህርት፣ ለተማሪ የሚደረግ ደግነት ከሰው ሰው ተቀባብሎ ዓመቱን የሚዘልቅ መሆኑን ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።» አሁን ወደ ሥራው ልምጣ።

መጀመሪያ፣ ቅደሙ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆንባችሁ። የሙስሊሙን ሥርዓት እዩ፤ ዘካተል ፊጥር የሚሰጠው ከዒድ ሶላት በፊት ነው፤ ድሃውም ያን ቀን እንደ ሰው እንዲውል ነው። ክርስቲያኑም የነቢያትን ጾም ሲጾም የተወውን ምግብ ለተራበው ማዋል እንዳለበት ይማራል። እናንተም ደብተሩ፣ ጫማው፣ ዩኒፎርሙ ከበዓሉ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድሞ ይድረስ። አስቀድሞ የደረሳት እናት ዶሮዋን ለደብተር ብላ አትሸጥም፤ ለልጆቿ ትሠራታለች። ቅርጫ ስትገቡም አንዷን መደብ ለትምህርት ቤቱ ምገባ፣ ወይም አሳዳጊ ለሌለው ልጅ ቤት አስቀሩ። ከአሥራ ሁለት መደብ አንዱ ቢነሳ ማንም ጾሙን አያድርም። አቅም የሌለውም አንድ እስክሪብቶ ይዞ ይምጣ፤ «ያለውን የወረወረ ፈሪ አይባልም»።

ሁለተኛ፣ ሸፍኑ። በአንድ ትምህርት ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። በገና ዋዜማ ሰሞን እንግዶች መጡ፤ ባነር ተሰቀለ፤ ተማሪው ሰንደቅ ዓላማው ሥር ተሰለፈ። ከሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያ «የደሃ ደሃ የሆናችሁ ስማችሁ ሲጠራ ውጡ» ተባለ። አንዲት የሦስተኛ ክፍል ልጅ ወጣች፤ ኮንጎ ጫማዋን ጠዋት አጥባው ገና አልደረቀም። አምስት ደብተር ታቀፈች። ፎቶ አንሺው «ሳቂ» አላት። ልጅቷ ጥርሷ ቡኒ ነበርና በደብተሩ አፏን ሸፈነች። ሰውዬው ቀረብ ብሎ ደብተሩን ዝቅ አደረገባት። ከዚያ በኋላ ልጆቹ «እርዳታ» የሚል ስም አወጡላት። በዓመቱ ለስጦታ ምዝገባ ሲመጣ መምህሯ ጠራቻት፤ ልጅቷም «እኔ አለኝ» አለች። ምንም እንዳልነበራት ሁላችንም እናውቅ ነበር።

«ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ይሰብራል።» ወንጌሉ ቀኝ እጅህ የሚሰጠውን ግራህ አይወቅ ይላል፤ ሐዲሱም በምሥጢር የሰጠን ሰው በዚሁ ቃል ያመሰግናል። በአዳማ ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም በአንድ ሠፈር ነውና በዚህ ነገር የሚጣላ የለም። ስለዚህ የሚረዳውን ልጅ የክፍል ኃላፊው መምህር ብቻ ይወቀው። ዕቃው ለእናት ወይም ለአያት እጅ ይሰጥ፤ በእድሩ በኩል ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። ያለዚያ ለክፍሉ ልጅ በሙሉ እኩል አከፋፍሉ። ፎቶ ካስፈለጋችሁ የቆመውን መጸዳጃ ቤትና የተጠገነውን ጣሪያ አንሱ።

የልጅቷን ጥርስ ካነሳሁ አይቀር፣ ፋብሪካና እርሻ ያላችሁ፣ ውጭ አገር ሆናችሁ ገንዘብ የምትልኩም ስሙ። ጥርሷ የበለዘው ስላልታጠበ አይደለም። የስምጥ ሸለቆ መሬት በእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሠራ ነው፤ ከድንጋዩ የሚሟሟው ፍሎራይድ ከጉድጓድ ውኃው ጋር ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በወንጂና በአካባቢው ያሉ ጉድጓዶች ከዚህ በብዙ እጥፍ አልፈው ተገኝተዋል። ልጅ ጥርሱ በድድ ውስጥ ሲሠራ ይህን ውኃ ከጠጣ ቀለሙ አይለቅም፤ ሲብስ አጥንትም ይጎዳል። ለትምህርት ቤት የበዓል ስጦታ ማድረግ የምትፈልጉ ከሆነ እንግዲህ የተጣራ ውኃ የሚወርድበት አንድ ቧንቧ ከብዙ ካርቶን ከረሜላ ይበልጣል። ቃል ከገባችሁም ፈጽሙ። በዓል ላይ መድረክ ወጥቶ ቃል የሚገባ ብዙ ነው፤ ልጆቹ ግን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያሉ ያድጋሉ።

ሦስተኛ፣ መምህራን ልጆቼ፣ በዓሉን አስተምሩበት። ልጁ ልቡ በዓሉ ላይ ሳለ ሌላ ነገር ብትጭኑበት አይሰማችሁም። አራተኛና አምስተኛ ክፍል ማካፈል ታስተምሩ የለ? በ2016 ገና ለምን ታኅሣሥ 28 እንደ ዋለ ጠይቋቸው። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምረው ለአራት ያካፍሉ፤ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ ነው፤ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ። በሉቃስ ማብቂያ ጳጉሜን ስድስት ስለምትሆን በቀጣዩ በዮሐንስ ገና አንድ ቀን ይቀድማል። ከፍ ላሉት ደግሞ የጨረቃው ዓመት ከፀሐዩ በ11 ቀን ገደማ ስለሚያንስ ዒድ በስንት ዓመት ወደ ተነሳበት ወቅት እንደሚመለስ አስሏቸው፤ 33 ዓመት አካባቢ ያገኛሉ። ክርስቲያኑ ልጅ የሙስሊሙን፣ ሙስሊሙ የክርስቲያኑን በዓል እያሰላ ያደገበት ክፍል ሲያድግ በበዓል አይጣላም። በኢሬቻ ሰሞንም የቢሾፍቱው ሆረ አርሰዲ እሳተ ገሞራ የቆፈረው ሐይቅ መሆኑን ንገሯቸው፤ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ክረምቱን ያሻገራቸውን ዋቃ እንደሚያመሰግኑም ይስሙ። ከቻላችሁ አንድ አባ ገዳ ጋብዛችሁ ራሳቸው ይንገሯቸው። ቋንቋው የሚከብደው ልጅ ካለ ጎኑ የተቀመጠው ጓደኛው ያስረዳው፤ ይህም ራሱ ደግነትን መልመጃ ነው። ከሰዓት ሩርና ገና ይዛችሁ ሜዳ ውጡ፤ ርዕሰ መምህሩም ይጫወት፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ»። ጫማ ያለውና የሌለው በአንድ ቡድን ሲሮጥ ማን የማን ልጅ እንደ ሆነ ይረሳል።

አራተኛ፣ ወላጆች። በዓል ይከበር፤ እኔም ዶሮ ወጥ እወዳለሁ። ነገር ግን ጎረቤት አርዷልና እኔም ልረድ ብሎ አራጣ የሚበደር አባት የሚያርደው የልጁን ጥር ነው። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።» ዕቁባችሁን ከመስከረም ጀምሩ፤ ከእድራችሁ ጋር ተማከሩ። ሴት ልጃችሁን በዓል ነውና ብላችሁ ሳምንቱን ሙሉ ማጀት አታስቀሯት፤ ወንዱም ሽንኩርት ይላጥ፣ እጁ አይረግፍም። ያላችሁ ደግሞ ግድግዳ ተጋርቷችሁ የሚኖረውን አትርሱ፤ «የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም» ይላሉና። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚባለውም በዚህ ቀን ነው።

አምስተኛና የመጨረሻው፣ ሰኞ። ምገባ ያለበት ትምህርት ቤት ከበዓሉ ማግስት ምድጃው ቀዝቅዞ እንዳይገኝ፤ ማገዶውና ዱቄቱ ከበዓሉ በፊት ይግባ። በበዓል የጠገበ ልጅ በማግስቱ ከተራበ ሁለት ጊዜ ይራባል። ሰልፍ ላይ ስም ተጠርቶ ቀሪ የተባለውን ልጅ ስም አንድ የወመህ አባል በወረቀት ይያዝና በዚያው ቀን ከሰዓት ቤቱ ይሂድ። ሲሄድ «ለምን ቀረህ?» አይበል፤ «ናፍቀነሃል» ይበል። ማክሰኞ ልጁ ሲመጣ በዱላና በስድብ አትቀበሉት፤ የመጣን ልጅ መምታት በሩን ዘግቶ ና ማለት ነው። ያመለጠውን ትምህርት እስከ ፈተናው ድረስ በማካካሻ ስጡት፤ ጎበዙ ተማሪ ደካማውን ይያዝ። በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ ልጆችም የቅዳሜ ጠዋታችሁን ለዚህ ብትሰጡ አትጎዱም፤ የሚያስተምር ሰው ራሱም ይማራል። አንድ መምህር ብቻውን ይህን ሁሉ አይችልም፤ «አንድ እንጨት ብቻውን አይነድም»።

ልጆች፣ እናንተም ሰማችሁ አይደል? አዲስ ልብስ የለበሰ ያልለበሰውን አይሳቅበት። የተሰጣችሁን ለመቀበል አትፈሩ፤ ነገ እናንተም ሰጪ ትሆናላችሁ። ዛሬ በዚህ ከተማ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ ነጋዴ የሆኑ ስንቶች ናቸው፣ በሰው ደብተር ተምረው እዚህ የደረሱ።

በሉ ልመርቃችሁ፤ አሜን በሉ። ዝናቡን በወቅቱ ያዝንብላችሁ። ሐይቁን ሙሉ፣ ውኃውን ንጹሕ ያድርግላችሁ። የአዳማን ነፋስ ለመብራት፣ የአዋሽን ወንዝ ለእርሻ ያድርግላችሁ። የሰጠ እጅ አይጠር፤ የተቀበለ አንገት አይሰበር። ገናውንም ዒዱንም ኢሬቻውንም በሰላም አክብራችሁ፣ ሰኞ ጠዋት የሁሉም ልጅ ስም ተጠርቶ ሁሉም «አቤት» ይበል።