አረፋው ምን ይመሰክራል?

በኢንዳክሽን ጥቅል ሽቦ ውኃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን እየከፈላችሁ፣ ካስገባችሁት ኤሌክትሪክ የበለጠ ኃይል ለማግኘት የምትሞክሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ መሞከራችሁ ደስ ይለኛል። (እሳት ብቻ አታቅርቡበት፤ ጋዙ ይፈነዳል።) የምጠይቃችሁ ስለ ምስክርነታችሁ ነው፦ የምትናገሩት ያያችሁትን ነው ወይስ የተመኛችሁትን?

ጎንደር ላይ ውኃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ደባርቅ ከዚያም ባነሰ። ሽቦው ካሞቀው እንፋሎቱ ጋዝ መስሎ በጠርሙሱ ይለካል፤ ሲቀዘቅዝ ግን መጠኑ ይቀንሳል። አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ከውኃ ለመለየት 39 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይፈጃል፤ ሲቃጠልም ከዚያ በላይ አይመልስም።

አሜሪካዊው ስታንሊ ሜየር መኪና በውኃ እነዳለሁ ብሎ ከሰዎች ገንዘብ ወሰደ፤ በ1996 እ.ኤ.አ. የኦሃዮ ፍርድ ቤት ማጭበርበር ነው ብሎ 25,000 ዶላር እንዲመልስ ፈረደበት።

ስለዚህ በቆጣሪ ለኩት ያላችሁን ጓደኛ "እምነት የለህም" አትበሉት። የምናምነው እግዚአብሔርን እንጂ ጠርሙሱን አይደለም። ብር ላዋጣ ካለም፣ አስቀድማችሁ የቀዘቀዘውን ልክ አሳዩት።